የመደርደሪያ ሂስ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ምርጫና አጠባበቅ ከየካና ከእንጦጦ ዙሪያ ሲታይ

1. መንደርደሪያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ትኩረቱን የሚያሳርፈው በአብዛኛው በአንድ ደራሲ ወይም በአንድ ድርሰት ላይ ነው። የገጸ ባሕርያት አሣሣል፣ የታሪክ አወቃቀር፣ የቋንቋ አጠቃቀም፣ ጭብጥ እየተባለ ይመረመራል። ድርሰቱ ከአንባቢው እጅ በምን መንገድ እንደደረሰ፣ ወይም ለምን ሳይደርስ እንደቀረ ግን የነጋዴና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በታለፈው ጉዳይ ላይ ነው። አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን እንዴት ይመርጣል? የመረጣቸውንስ እንዴት ይጠብቃል?

የጽሑፉ መከራከሪያ ነጥብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። መጽሐፍ መምረጥ ሂስ ነው። ኃያሲ አንድን ልብ ወለድ ሲነቅፍ አንባቢ ነቀፌታውን አንብቦ መጽሐፉን ገዝቶ ሊፈርድ ይችላል። ቤተ መጻሕፍት አንድን ልብ ወለድ ሳይመርጥ ሲቀር ግን መግዣ የሌለው አንባቢ የመፍረድ ዕድሉን ራሱ ያጣል። ስለዚህ የመደርደሪያ ፍርድ ከመጽሔት ፍርድ የከበደ ነው። ይህን ያህል የከበደ ፍርድ በማን፣ በምን መመዘኛ እንደሚሰጥ መጠየቅም የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ሥራ መሆን ይኖርበታል።

ለምሳሌነት የመረጥሁት አካባቢ የካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስለ መጻሕፍት መሰብሰብና መመዝገብ በአገራችን ከተሠሩት ሥራዎች አንዳንዶቹ ከዚህ አካባቢ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ነዋሪ አንድ ዓይነት አይደለም። በኮተቤ መምህራን ይሠለጥናሉ። በሾላ ገበያ ነጋዴና ሸማች ይተራመሳል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚሆን መደርደሪያ ማዘጋጀት ቀላል ፍርድ አይደለም።

2. ከዕቃ ቤት እስከ ዝርዝር መዝገብ

በአገራችን የመጻሕፍት ስብስብ ታሪክ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ በዘፈቀደ የተጠራቀመ ክምችት አልነበረም። ለቅዳሴ፣ ለማኅሌት፣ ለትምህርትና ለዓመቱ በዓላት የሚያስፈልጉት መጻሕፍት ተለይተው የታወቁ ስለነበሩ የጎደለው ይጻፋል፣ ያረጀው ይገለበጣል። የምርጫው መመዘኛ አገልግሎት ነበር። አጠባበቁም ከምርጫው ጋር የተጣጣመ ነበር። ብራናው በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ በደጓሽ እጅ ቆዳ ለብሶ፣ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ይሰቀላል። የእንጦጦን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር ከጌጥ በላይ መሆኑ ግልጽ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብና ጉም መሬት ላይ ለተቀመጠ መጽሐፍ አይመለስም።

ይሁን እንጂ ዕቃ ቤት ለሕዝብ ንባብ የተዘጋጀ አልነበረም። የያዘውን ለውጭው አንባቢ የሚያሳውቅበት መንገድም አልነበረውም። በዚህ ረገድ አዲስ እርምጃ የወሰዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ያደጉበት የሊቃውንት ባህል ዕቃ ቤትን ከውስጥ እንዲያውቁት አድርጓቸዋል። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን የያዘውን የተስፋፋ ካታሎግ አወጡ። ስለ ኅሩይ የተጻፉ ሂሶች በልብ ወለዶቻቸውና በታሪክ ሥራዎቻቸው ላይ ሲያተኩሩ እነዚህን ዝርዝሮች እንደ ረዳት ሥራ ያዩአቸዋል። በበኩሌ ዝርዝሮቹን ከዋነኞቹ የሂስ ሥራዎቻቸው መካከል እቆጥራቸዋለሁ። የግዕዙን ድርሳንና አዲሱን የአማርኛ የኅትመት ውጤት በአንድ መዝገብ ማስፈር፣ ሁለቱም የአንድ ሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ናቸው ብሎ መፍረድ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁለት እርምጃዎች መጠቀስ አለባቸው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሕግ የታተመን ሥራ ቅጂ የመረከብ ኃላፊነት በኋላ ተሰጠው። በ1966 ዓ.ም. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በሃያ ዓመት ገደማ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍትን አነሣ። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ሁለቱም ሥራዎች የተመሠረቱት የተገኘውን ሁሉ በመያዝ ላይ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ሁሉን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው እንደገና ወደ ምርጫ ይመለሳል።

3. የሾላው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት

ለዚህ ጥያቄ ከየካ አካባቢ የሚገኘው ግልጽ ምሳሌ በ1995 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በሾላ ስም የተጠራው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ነው። መሥራቹ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በደርግ ዘመን ተሰደው በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የተማሩ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ያገለገሉ ሰው ናቸው። በዚያ ሥራቸው በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍትን እየመረጡ ሲያስገዙ በአማርኛ የተዘጋጀ የሚመርጡት መጽሐፍ አጡ። የታሪኩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የአንድ ቋንቋ የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ጉድለት የታየው ከደራሲ ጠረጴዛ ወይም ከኃያሲ ጽሑፍ ሳይሆን ከአንድ መራጭ የግዥ ዝርዝር ነው።

አቶ ዮሐንስ ጉድለቱን መዝግበው አላለፉትም። በ1998 እ.ኤ.አ. ድርጅት አቋቋሙ። በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ በሥዕል አስደግፈው አሳተሙ። ከዚያም ከአሜሪካ በስጦታ የተሰበሰቡ መጻሕፍትን ወደ አዲስ አበባ አስጭነው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከአሜሪካዊቷ የሕፃናት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር የመሩት ይህ ሥራ ኋላ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ላይ የተዘጋጀ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት እስከ ሐዋሳ አድርሷል።

ይህን ሥራ ማድነቅ ተገቢ ነው። ሂስ ግን ከአድናቆት በተጨማሪ የመደርደሪያውን ይዘት መመልከት አለበት። በስጦታ የመጣው መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለአሜሪካ ሕፃን የተዘጋጀ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ በምሳሌነት ልውሰድ። የእንግሊዝኛው የሥዕል መጽሐፍ «ዊንተር» ሲል ነጭ በረዶ፣ የሱፍ ቆብና የተጋገረ ሐይቅ ያሳያል። መዝገበ ቃላቱ ይህን ቃል «ክረምት» ብሎ ይፈታዋል። የየካ ልጅ ክረምት ሲባል የሚያውቀው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ የቀበና ወንዝ ነው። ልጁ ቃሉን ሲያነብ ከመጽሐፉ ወይም ከራሱ ዓይን አንዱን መጠራጠር አለበት። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ከሌላ ዓለም ጋር የሚያስተዋውቅ ስለሆነ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው በመደርደሪያው ላይ የልጁን ክረምት የሚያውቅ ሌላ መጽሐፍ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ልጁ መጽሐፍ ማለት ስለ ሌላ ሰው አገር የሚወራበት ዕቃ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

የሾላው ሥራ ታላቅነት፣ በእኔ ግምት፣ ይህን አደጋ መሥራቹ ቀድመው መረዳታቸው ነው። ስጦታውን ሲያስመጡ ከጎኑ የአገር ውስጥ ተረት ማሳተማቸው ቤተ መጻሕፍት መምረጥ ብቻ ሳይሆን ሲቸግር የሚመረጠውንም ማስገኘት እንዳለበት ያሳያል። ከእሳቸው በኋላም በዚሁ መንገድ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዘጋጁ የሕፃናት መጻሕፍት ታትመዋል።

4. ስጦታና ምርጫ

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥያቄውን በከተማ ደረጃ አስፍቶታል። በአንድ ጊዜ 2 ሺህ ሰው የሚያስተናግድ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ሕንፃ ነው። በተመረቀበት ዓመት መደርደሪያውን ለመሙላት የመጻሕፍት ልገሳ ዘመቻ ተካሄደ። ድርጅቶችና ግለሰቦች ሰጡ። በዚህ ዓይነት ዘመቻ የሚታየው ልግስና የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በልገሳ የሚሞላ መደርደሪያ ምርጫው በማን እጅ እንዳለ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰጪ የሚሰጠው በአብዛኛው የተረፈውን ነው። አንብቦ የጨረሰውን፣ ልጁ ያለፈበትን የመማሪያ መጽሐፍ፣ በሁለት ቅጂ ያለውን ይሰጣል። የሚወደውንና ደጋግሞ የሚያነበውን ከቤቱ ያስቀራል። ስለዚህ የስጦታ ክምችት፣ ሰጪዎቹ ደጎች ቢሆኑም እንኳ፣ አንባቢዎች ያልፈለጉትን መጻሕፍት የመሰብሰብ ዝንባሌ አለው።

«ባዶ መደርደሪያ ከሚታይ የተገኘው ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጉዳቱ ቦታ ነው፤ ጉልበት ነው፤ እምነት ነው። ቦታ የያዘ መጽሐፍ ለሌላው ቦታ ይነፍጋል። መመዝገብ፣ ቁጥር መለጠፍና አቧራ ማራገፍ የሠራተኛ ቀን ይበላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የአንባቢ እምነት ነው። አንዲት ወጣት ሦስት ጊዜ ልብ ወለድ ፈልጋ ያረጀ የሒሳብ መማሪያና የውጭ አገር የኮምፒውተር መመሪያ ብቻ ካገኘች ለአራተኛ ጊዜ አትመጣም። ብትመጣም ወንበርና መብራት ፍለጋ የራሷን ደብተር ይዛ ነው። በየወረዳው የወጣት ማዕከላት ያሉትን የንባብ ክፍሎች የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል። ክፍሉ በተማሪ ይሞላል፤ መደርደሪያው ግን አይነካም። ይህ ሲሆን «ትውልዱ አያነብም» እንላለን። የተማሪውን ስንፍና ከመውቀስ በፊት የመደርደሪያውን ይዘት መመርመር ይገባ ነበር።

ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ የሚስማማው አንባቢ እንዲገናኙ ማድረግን ከቤተ መጻሕፍት ዋና ሕጎች ውስጥ አስፍሮታል። ይህን ሕግ ወደ የካ ብናመጣው ስጦታን የመቀበል መብት እምቢ የማለት መብትን ጭምር የሚጠይቅ ሆኖ እናገኘዋለን። የተጻፈ የምርጫ መመሪያ ያለው ቤተ መጻሕፍት «ይህን እንቀበላለን፣ ይህን ለሌላ እናስተላልፋለን» ሲል ሰጪውን አያስቀይምም። መመሪያ የሌለው ግን ወይ ሁሉን ይቀበላል፣ ወይ በግል ስሜት ይከለክላል።

የግዥውም መንገድ የራሱ ችግር አለበት። በዛሬው የአማርኛ ኅትመት ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በጥቂት መደብሮችና በአዟሪዎች እጅ ይሸጣል። ኅትመቱ ጥቂት ነው። በወጣበት ዓመት ያልተገዛ መጽሐፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ካልሆነ አይገኝም። የበጀት ዓመትን ጠብቆ፣ በጨረታ፣ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገዛ አሠራር ከዚህ ዓይነቱ የኅትመት ገበያ ጋር አይገናኝም። ለወንበርና ለወረቀት የሚያገለግል የጨረታ ሥርዓት ልብ ወለድን በክብደትና በብዛት እንዲገዛ ያደርጋል። በዚህም ምክንያት በክፍል ውስጥ የማስተምራቸውን የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች ተማሪዎቼ የሚያነቧቸው በፎቶ ኮፒ ነው።

5. ጉድለትም ይነበባል

አንድን ድርሰት ስናነብ የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም እንመረምራለን። መደርደሪያም እንዲሁ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን ታግዷል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል። ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ወጥቶ ቀርቷል። እነዚህን መጻሕፍት ከመደርደሪያ ያወጣቸው ትእዛዝ ነበር። ትእዛዝ ግን ቢያንስ ይታወቃል፤ ይታማል፤ መጽሐፉንም ተፈላጊ ያደርገዋል። አንባቢ «ኦሮማይ»ን በድብቅ እየተዋሰ አንብቦታል። በዛሬው ጊዜ የማያሳስበው የሚመስለኝ፣ ነገር ግን ሊያሳስበን የሚገባው፣ ማንም ሳያዝ በቸልታ የሚፈጠረው ጉድለት ነው። ማንም ያልከለከለው፣ ማንም ግን ያልገዛው የግጥም መድበል ተፈላጊ ሳይሆን ይጠፋል። ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2022 የታደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ስብስቡ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ሳንሱርም ሆነ ከንግድ ጫና ነፃ መሆን እንዳለበት ያስገነዝባል። እኔ በዚህ ላይ ከቸልታም ነፃ ይሁን እላለሁ።

ሌላው የሚነበብ ጉድለት ከአመዳደብ ይመነጫል። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት የዱዊ የቁጥር ሥርዓት በ1876 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ነው። በዚህ ሥርዓት ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ820 እስከ 829፣ ለፈረንሳይኛ ከ840 እስከ 849 ሰፊ ቦታ ተሰጥቷል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 በሚል ቁጥር የሌሎች ቋንቋዎች ክፍል ንዑስ ንዑስ ክፍል ሆኖ ይገኛል። ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ይህ ላያስቸግር ይችላል። በየካ ግን አብዛኛው አንባቢ የሚፈልገው ክፍል በአንድ ረጅም ቁጥር ሥር ይታጨቃል። ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት ሳይለዩ ይደረደራሉ። በደራሲ ስምም ቢሆን «ወርቁ፣ ዳኛቸው» ብሎ የአባትን ስም ማስቀደም በእኛ የአጠራር ልማድ ትርጉም የለውም። ዳኛቸውን የሚፈልግ አንባቢ በ«ወ» ሥር አይፈልገውም። ስለዚህ ቁጥሩን መጣል ባያስፈልግም ለአገር ቋንቋዎች የራሳቸው ክፍል ከፍቶ በዘርፍና በደራሲው በራሱ ስም መደርደር የምርጫው ሥራ አካል ነው። ያልተገኘ መጽሐፍ ካልተገዛ መጽሐፍ አይለይም።

የቋንቋ ምርጫም በዚሁ ሥር ይነሣል። የካ የአማርኛ አንባቢዎች ብቻ ሠፈር አይደለም። የአፋን ኦሮሞ ልብ ወለድና ግጥም በመደርደሪያው ላይ ተገቢውን ስፍራ ማግኘት አለበት። ይህን የምለው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ ነው። ጎረቤቱን የማያውቅ ሥነ ጽሑፍ ራሱንም በሚገባ አያውቅም።

6. ማቆየትና ማስወገድ

አጠባበቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቁልፍ ነው። መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በንብረት መዝገብ ሰፍሮ፣ ለጠፋው ሠራተኛው የሚጠየቅ ከሆነ፣ የሠራተኛው ጥበብ መጽሐፉ እንዳይነካ ማድረግ ይሆናል። መደርደሪያው ይዘጋል፤ አንባቢ በወረቀት ጠይቆ በመስኮት ይቀበላል። በዚህ አሠራር መጽሐፍ ዐይቶ፣ ገልጦ፣ ያላሰበውን መጽሐፍ ማግኘት የሚባለው የንባብ ደስታ ይቀራል። በአንጻሩ እጅ ያበዛበትና የተቦጫጨቀ ልብ ወለድ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራውን መሥራቱን ይመሰክራል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ የሚገባው መጠገን፣ ካልሆነም በአዲስ ቅጂ መተካት ነው።

የዘመናችን መጽሐፍ ከብራናው ይልቅ ደካማ ነው። በርካሽ ወረቀት የታተመው ይቦካል፤ ይሰባበራል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ከጀርባው ይለያያል። ስለዚህ ከመደርደሪያ ከመውጣቱ በፊት በክር መስፋት፣ ሽፋኑን ማጠንከር፣ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥና ክፍሉን ማናፈስ ያስፈልጋል። ደጓሹ በቆዳና በማኅደር ያደረገው ጥበቃ በመርሁ ዛሬም አላረጀም።

ማስወገድ ከመምረጥ ይልቅ ያስፈራል። መጽሐፍ መጣል ነውር ነው የሚል ስሜት አለን፤ ሥሩም ከመጽሐፍ ክብር የመጣ ስለሆነ አላናንቀውም። ሆኖም ሁለት ዓይነት ቤተ መጻሕፍት መኖራቸውን መለየት ይጠቅማል። ወመዘክር የሚጠብቀው ለነገው ተመራማሪ ነው። የተሻረ መማሪያም፣ ያለፈበት በራሪ ጽሑፍም ለእርሱ ማስረጃ ነው። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግለው ግን የዛሬውን አንባቢ ነው። የተሻረ የጤና መመሪያ በዚያ መደርደሪያ ላይ ቢቆይ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከወረዳ የሚወጣ መጽሐፍ አስቀድሞ በወመዘክር ቅጂው መኖሩ ይጣራ፤ ከሌለ ይላክ፤ ካለ ለሌላ አንባቢ ይተላለፍ። በዚህ መንገድ ማስወገድ ከመጣል ይለያል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ሐሳቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ በግልጽ የሚለጠፍ የምርጫ መመሪያ ይኑረው። መመሪያው የቋንቋዎችን ድርሻ፣ የስጦታ አቀባበልን፣ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሐሳቦች ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ሁኔታ ይወስን። ሁለተኛ፣ ከጨረታው ሥርዓት ውጭ በየወሩ አዲስ የወጡ የአገር ውስጥ መጻሕፍት የሚገዙበት አነስተኛ በጀት ይመደብ። ይህ ለደራሲውም የመጀመሪያው የተረጋገጠ አንባቢ ይሆንለታል። ሦስተኛ፣ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ የታተሙትን ድርሰቶች አንብበው ለቤተ መጻሕፍት መራጮች አጭር አስተያየት ይስጡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመረጡት ጥቂት የታወቁ ልብ ወለዶች ሲሆኑ፣ የየዓመቱ አዲስ ሥራ ያለ አንድም ኃያሲ ምስክርነት ከመራጩ ፊት ይቀርባል። መራጩ ቢሳሳት ከእኛ ዝምታ የተነሣ ነው።

ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን ሲያወጡ የመጻሕፍቱ ቁጥር ለአንድ ሰው ጥረት የሚቻል ነበር። ዛሬ ለአንድ ሰው አይቻልም፤ ለአንድ ትምህርት ክፍል ግን ይቻላል። ከሾላ ገበያ በላይ ያለች አንዲት ተማሪ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት የምታነበው ልብ ወለድ ታገኝ ወይም አታገኝ እንደሆነ የሚወሰነው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ በአንድ የግዥ ዝርዝር ላይ ነው። ያ ዝርዝር ሲዘጋጅ የእኛም ድምፅ ሊሰማበት ይገባል።